ይቆይ የተባለ ጽሑፍ

ሐምሌ 3 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ለሐሙስ አጥቢያ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ሄደ። ነቀምት ላይ በክረምት መብራት ሲሄድ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው «መቼ ይመጣል?» ብቻ ነው። ዋናው ቢሮ ጄኔሬተር ስላለው ሰርቨራችን አልተነካም። ቡርቃ ጃቶ ያለው ሁለተኛው ሕንፃ ግን ዩፒኤሱ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይደክማልና እዚያ ያለው ጥንዱ ማሽን እንደ ልማዱ ጠፍቶ አደረ። ጠዋት 3፡20 ላይ መብራቱ ተመለሰ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም።

3፡40 ገደማ መስኮት ሁለት ላይ ያለችው ገንዘብ ያዥ ጠራችኝ። ቡና የሚነግዱ አንዲት እናት 3,000 ብር ሊያስገቡ ቆመዋል። ልጅቷ ቁጥሩን ጽፋ «መዝግብ» የሚለውን ነክታለች፤ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። ቆመን አየናት። የግድግዳውን ሰዓት ቆጠርኩ፤ አርባ ሰከንድ አለፈ።

«ሲስተም የለም ልበላቸው?» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት።

ሴትዮዋም ሰምተው ኖሮ «እሺ ልጄ፣ እቆያለሁ» አሉ፤ ለልጅቷ የተባለ መስሏቸው አይደለም፣ ለእሳቸው መሆኑን ስላወቁ ነው። ከዚያ ክቡ ድንገት ጠፋ፣ ደረሰኙ ወጣ። ልጅቷ ግን በመሀል ትዕግሥቷ አልቆ ሁለተኛ ጊዜ ነክታው ነበር። ይህን የነገረችኝ ከምሳ በኋላ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ገብቼ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ዝርዝር ሳወጣ ከዳታቤዙ ስሞች አጠገብ «ዲ» የምትል ፊደል ወደ ታች ተደርድራለች። ሊኑክስ ላይ የኖረ ሰው ይህችን ፊደል አይወዳትም። ፕሮሰሱ ዲስክ እየጠበቀ በማይቀሰቀስ እንቅልፍ ውስጥ ነው ማለት ነው። ግደሉት ቢባል አይሞትም፣ ተነሥ ቢባል አይሰማም። ዲስኩ አንድ ቃል እስኪነግረው ድረስ በሕይወትም በሞትም መካከል ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ዲስኩ ሳይሆን ያ አንድ ቃል ለምን እንደቀረ ነው። አላገኘሁትም። ማታ ዝናቡ ሳያባራ ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ገባሁ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ሎጉን አወረድኩት። የማሽኑ ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ 09፡41 ሲል የኛ 3፡41 ነው። አዲስ ልጅ ስናሠለጥን መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንን ስድስት ሰዓት መቀነስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀኑን ከጎርጎርዮስ ወደ እኛ መመለስ። ግማሹ ሙያችን ቀን መቁጠር ነው።

ነገሩን ለራሴ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሁለት ማሽኖች አሉን፤ አንዱ ዋናው ቢሮ፣ አንዱ ቡርቃ ጃቶ። ያገናኛቸው ጣሪያ ላይ የተተከለ የሬዲዮ አንቴና ነው፤ ደህና ቀን ላይ 40 ሜጋቢት ያህል ያሳልፋል። የሁለቱ ዲስክ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ እዚህ የተጻፈ ብሎክ ሁሉ እዚያም ይጻፋል። ይህን የሚያደርገው ዲአርቢዲ የሚባል ሶፍትዌር ነው። ፊሊፕ ራይስነር የተባለ ኦስትሪያዊ ቪየና ላይ ለመመረቂያ ሥራው የጀመረው ሲሆን፣ ሊንቢት የሚባለው ኩባንያው እስከ ዛሬ ያሳድገዋል። የካቲት 2002 ላይ የወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.33 ውስጥ ገባና የሁሉም ሆነ። ለእንደኛ ዓይነት የቁጠባና ብድር ማኅበር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዶላር የሚገዛውን ስቶሬጅ ስሙን ለመጥራት እንኳ አቅም የለንም።

አሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው፤ ፈረንጆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሏቸዋል። በኤ፣ ጽሑፉ እዚህ ዲስክ ላይ ካረፈና ወደ ጎረቤት ለመሄድ ከተሰለፈ «ተጽፏል» ይባላል። በቢ፣ ጎረቤት ማሽን ሜሞሪው ላይ ከተቀበለው ይበቃል። በሲ ግን ጎረቤቱም ዲስኩ ላይ አሳርፎ «ጽፌአለሁ» ብሎ እስኪመልስ ድረስ የኛው ዳታቤዝ አይለቀቅም። እኛ ገንዘብ ስለምንይዝ ሲ ነን። ሲ ማለት መጠበቅ ማለት ነው።

ስንት ይጠበቃል? ወዲያኛው ማሽን «አለሁ» እያለ ነገር ግን የተላከለትን ጽሑፍ ካልጨረሰ፣ እንደ ተለመደው አቀማመጥ 6 ሰከንድ ይታገሡታል፣ ያንንም ሰባት ጊዜ። 42 ሰከንድ። የትናንቱ ክብ የዞረችው ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ ዋናው ማሽን ጎረቤቱን አባረረውና ብቻውን ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ ክቡ የጠፋው ነገሩ ተስተካክሎ ሳይሆን ትዳሩ ፈርሶ ነው።

ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ያላወቅኩት ከዚያ በፊት ያሉት መስመሮች ናቸው። በአማርኛ ብመልሳቸው እንዲህ ይላሉ፦ በአንድ ጊዜ የተጻፉ ጽሑፎች ተገኝተዋል፤ የዚህኛው ከዚህ ሴክተር ጀምሮ ይህን ያህል ባይት፣ የወዲያኛው ከዚያ ጀምሮ ይህን ያህል፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ እንደመጣ ገምቻለሁ።

ገምቻለሁ! ስለ ሰው ቁጠባ።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን ቡርቃ ጃቶ ያለው ማሽን ጭራሽ ምንም መጻፍ የሌለበት መሆኑ ነው። እሱ ግልባጭ ነው። ይቀበላል እንጂ አይናገርም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አገኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ በዝርዝር ልጻፈው።

በዲአርቢዲ ደንብ በአንድ ጊዜ ፕራይመሪ የሚሆነው፣ ማለትም ዲስኩን ከፍቶ የሚጽፍበት፣ አንድ ማሽን ብቻ ነው። ሌላው ሰከንደሪ ነው፤ ዲስኩን መክፈት እንኳ አይፈቀድለትም። «ሁለት ፕራይመሪ ፍቀድ» የምትል አንዲት መስመር ግን አለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ሳይጠፋ ከዚህ ወደዚያ ላዛውር ብዬ ለአሥር ደቂቃ ከፈትኳት። ለዚህ ሥራ መከፈቷ ነውር የለውም፤ ሁለቱ ማሽኖች ለቅጽበት ያህል ሁለቱም ባለቤት መሆን አለባቸው። ማዛወሩ ተሳካ፣ ደስ አለኝ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። መስመሯን ሳልዘጋ።

አሁን የባካፕ ስክሪፕቱ። ቡርቃ ጃቶ ላይ በየሌሊቱ የሚነሣው ስክሪፕት ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ መጀመሪያ «ፕራይመሪ ልሁን» ብሎ ይጠይቃል። ዋናው ማሽን በሕይወት ካለ «አይቻልም» ይባላል፤ ያኔ ዞር ብሎ ቅጂውን ከዋናው ማሽን በኔትወርክ ይወስዳል። ዋናው ሞቶ ከሆነ ግን ይፈቀድለትና ዲስኩን ራሱ ከፍቶ ይቀዳል። የጻፈው ሰው ጎበዝ ነበር ማለት እችል ነበር፤ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋናው ማሽን መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ ሌላ ነገር የለበትም። ክልከላው ራሱ ነበር ማጣሪያው።

መስመሯን ክፍት ስተዋት «አይቻልም» የሚለው መልስ ከዓለም ጠፋ።

ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት እንዴት እንዳልፈነዳ ገና አልገባኝም ነበር፤ ሎጉን ወደ ኋላ ስሄድ ስክሪፕቱ በሌላ ምክንያት፣ የውጭ ዲስኩ ሞልቶ፣ ገና ሳይጀምር እየቆመ እንደነበር አየሁ። ረቡዕ ዕለት ዲስኩን አጽድቼ «ጎሽ» ብዬ ሄድኩ። ረቡዕ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሐሙስ 3፡20 ማሽኑ ተነሣ፣ የጎደለውን ከዋናው ተቀብሎ ጨረሰ፣ ያለፈው ሥራም ሲነሣ እንዲሠራ የታዘዘ ስለሆነ ስክሪፕቱ ጀመረ። ፕራይመሪ ልሁን አለ። ሁን ተባለ። ገንዘብ ያዦቹ በሥራ ላይ እያሉ።

እዚህ ላይ የሚያውቅ ሰው «ታዲያ ምን አለበት፣ ለማንበብ ብቻ አይደል ማውንት ያደረገው?» ይለኛል። ልክ ነው፣ ስክሪፕቱ ውስጥ «ለማንበብ ብቻ» የሚል ትእዛዝ አለ። እኔም ዓመታት ሙሉ እሱን አምኜ ተኝቻለሁ። ግን ኢኤክስቲ ፎር የሚባለው የፋይል ሥርዓት ለማንበብ ብቻ ሲከፈትም መጀመሪያ ጆርናሉን ያያል። ጆርናሉ «ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ» የሚል ከሆነ፣ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ያንን ሥራ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። የኛ ጆርናል ደግሞ በዚያ ሰዓት ያልተጠናቀቀ ሥራ ነበረው፤ ዋናው ማሽን በሕይወት ሆኖ እየሠራበት ነበርና። የሌላውን ሰው ግማሽ የተነገረ ዓረፍተ ነገር ነጥቆ እንደ መጨረስ ነው። ቡርቃ ጃቶ ያለው ማሽን ባለቤቱ የሞተ መስሎት ኑዛዜውን አስፈጸመለት፤ ሰውየው ግን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ እየጻፈ ነው።

ይኸው ነው «በአንድ ጊዜ የተጻፉ ጽሑፎች» የተባለው።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ቢሮ ዋልኩ። ከሁለቱ ማን ይጥፋ የሚለውን መወሰን ነበረብኝ፤ ፈረንጆቹ ስፕሊት ብሬን ይሉታል፣ ሁለቱም «እውነቱ እኔ ጋ ነው» ብለው ግንኙነት እምቢ ሲሉ። የቡርቃ ጃቶውን «ያንተን ጣል» አልኩት። ማሽን ነውና አልተከራከረም። ዋናውን ደግሞ ዘግቼ የፋይል ሥርዓቱን አስመረመርኩ። ምርመራው ያወጣውን መስመር ቡና ሳፈላ እንኳ ዞሬ አላየሁትም፤ ስጨርስ ነው ያየሁት። የዳታቤዙ ጥቂት ገጾች አይነበቡም።

የመጨረሻውን ጤነኛ ቅጂ መለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ከወረቀት ደረሰኙ አስገባን። እኔ፣ የመስኮት ሁለቷ ልጅና ሒሳብ ክፍል ያለ አንድ ልጅ። እሱ ያነባል፣ እሷ ትመታለች፣ እኔ ከተበላሸው ዳታቤዝ ካተረፍኩት ዝርዝር ጋር አመሳክራለሁ። የእናትየዋ 3,000 ብር በዝርዝሩ ሁለት ጊዜ አለ፤ በደረሰኙ ግን አንድ። ሁለቱም መዝገቦች የገቡት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «ቆይ ስላልሽኝ እኮ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ቆይ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? እንደገና ይነካዋል።

ማታ ላይ ጨረስን። የልጅቷ እናት ጨጨብሳ ልካልን ነበር፤ ቀዝቅዞም ይበላል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ኦቦ እያልን የምንጠራቸው የቀድሞው የሒሳብ ሹማችን ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው። ቤታቸው ሄድኩ፤ ሄድኩ እንጂ ምክር ልጠይቅ አልነበረም፣ ኦዲተር ሲመጣ የማቀርበውን ማብራሪያ አንብበው እንዲያርሙልኝ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ገና በሁለተኛው አንቀጽ ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን እኛ በወረቀት ሠርተነዋል እኮ» አሉኝ።

2012ን ነው የሚሉት። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ እኛ ምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት አልነበረንም። ያኔ ጊምቢ ያለው ቅርንጫፋችን ከዚህ 110 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ብቻውን ቀረ። እኔ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ስለነበርኩ ወሬውን እንጂ ነገሩን አላየሁትም። ሁለት የሒሳብ መዝገብ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ በመካከላቸው ማንም የለም። አልፎ አልፎ አውቶቡስ ይመጣል፣ ሰው ይልካል፣ ሰው ይመለሳል።

«ምን አደረጋችሁ?» አልኳቸው።

ከሳጥን ውስጥ አንድ የድሮ መዝገብ አወጡ። የማኅበሩ አይደለም፣ የዕድራቸው ነው፤ ግን ልማዱ ያው ነው። በየገጹ የታች ቀኝ ማዕዘን ላይ ቀይ ነጥብ አለ፣ ሁሉም ላይ አይደለም። ግንኙነት ከተቋረጠ በኋላ የተነካ ገጽ ሁሉ በቀይ እርሳስ ነጥብ ይደረግበታል። ብሩን አይጽፉም፣ ምን እንደተለወጠም አይጽፉም፤ «ይህ ገጽ ተነክቷል» ብቻ። የጊምቢው ጸሐፊም እንደዚያው። መንገድ ሲከፈት ሁለቱ መዝገቦች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ነጥብ የሌለበት ገጽ አልተገለጠም። «አራት መቶ ገጽ ያለው መዝገብ በሁለት ቀን ተኩል አለቀ» አሉኝ።

እጄ ላይ ያለውን መዝገብ ዝም ብዬ ሳገላብጥ ቆየሁ። ዲአርቢዲ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጎረቤቱ ሲጠፋ የተጻፈውን ነገር አያከማችም፤ ለእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት አንዲት ነጥብ ብቻ ያስቀምጣል፣ ተነክቷል ወይም አልተነካም። ለአንድ ቴራባይት ዲስክ የነጥቡ ሁሉ ድምር 32 ሜጋባይት ነው፤ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ሌላ «በእጅ ያለ መዝገብ» የሚመስል ነገር አለው፤ አሁን እየተጻፈባቸው ያሉ የ4 ሜጋባይት ቁራጮች ዝርዝር። እንደ ተለመደው አቀማመጥ 1,237 ቁራጮች ይይዛል፣ ወደ 4.8 ጊጋባይት ማለት ነው። ዋናው ማሽን ድንገት ቢሞት ሙሉውን ዲስክ ሳይሆን ያን ብቻ ያመሳክራል፤ በኛ አንቴና 17 ደቂቃ ገደማ።

ኦቦን አንድ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው። የጊምቢ ደብተር የያዘ ሰው ነቀምት መጥቶ ብር ማውጣት ቢፈልግስ? ስልክ የለም። እዚያ አውጥቶ ይሁን አይሁን አይታወቅም።

«ደብተሩ ላይ ያለውን አያለሁ። እስከ 500 ብር ሰጥቼ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ አልሰጥም እለዋለሁ።»

«ይቆዩ አይሉም ነበር?»

«ይቆዩ ብለው የት ይሄዳል? እዚያው በር ላይ ይቀመጣላ። ማታ ሲዘጋም እዚያው ነው፣ ነገም እዚያው ነው። አልሰጥም ካልኩት ግን ሄዶ ዘመዱን ይበደራል፣ ወይ በእግሩ ጊምቢ ይገባል።»

ሁለቱ መዝገቦች ሳይስማሙ ሲቀሩ ማን ያሸንፍ ነበር ብዬም ጠየቅኩ። «ደብተሩ» አሉ፤ ባለገንዘቡ ኪስ ውስጥ ያለው። ዳኛው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ማብራሪያዬን አርመው ሰጡኝ፤ «ቴክኒካዊ ችግር» የሚለውን ሰርዘው «ስሕተት» ብለው ጽፈዋል።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ከአምቦ የመጡ የአክስቴ ልጆችን ኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ግቢ ወሰድኳቸው። ልጆቹ የእንጨቱን ሥራ እያዩ እኔ ስለ ደብዳቤ አስብ ነበር። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ሰብስበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሳተሟቸው የወለጋ ታሪክ ሰነዶች ውስጥ የዚህ ቤት ደብዳቤዎች አሉ። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ዛሬ በመኪና 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያኔ በበቅሎና በእግር። ከዚያ ትእዛዝ፣ ከዚህ ልመና፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢተላለፉስ? አንዱ መልእክተኛ ሌላውን ባኮ ላይ አግኝቶት «ይዘህ የምትሄደው ያረጀ ነው» ይለው ይሆን? ልጆቹ ራበን አሉ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ማኅበሩ ውስጥ ያለውን ካስተካከልኩ በኋላም አንድ ነገር አላስተኛኝም። የወዲያኛው ማሽን ጽሑፍ የኛን ሲነካ፣ የኛ ጽሑፍ በመካከሉ የት ነበር? ዳታቤዙ ሲጠብቅ ማን ምን ይነግረው ነበር? ስለዚህ የምንጩን ኮድ አወረድኩና ሦስት ማታ አነበብኩት። የከርነል ኮድ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ሲ ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ወዲህ እጄ ላይ ዝጎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንኙነቱ ሲመሠረት ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ ብቻ ግጭት ፈራጅ ይሆናል። የሌላው ማሽን፣ የእንግዳው፣ ጽሑፍ ዳኛው ማሽን እየጻፈው ካለው ጋር ከተነካካ፣ ዳኛው ሁለት ነገር ያያል። የእንግዳው ሙሉ በሙሉ በሱ ጽሑፍ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ «ያንተ ተሸፍኗል» ይለዋል፤ ተጽፎ ወዲያው ሌላ የተጻፈበት ያህል ይቆጠራል። ከዳር የሚተርፍ ከሆነ ግን «ድገመው» ይለዋል። «ድገመው» የተባለው ጽሑፍ አሁን ይቆይ ተብሏል። አልተጻፈም፣ አልተሰረዘም። ለዳታቤዙም ምንም አልተነገረውም። የዳኛው ጽሑፍ እንግዳው ማሽን ላይ ደርሶ ካለቀ በኋላ ይቆይ የተባለው ከሀ እንደገና ይጀምራል፤ ዳታቤዙ ግን ለአንድ አፍታ የዘገየ እንጂ የተደገመ አይመስለውም።

ሁለት ነገር አስገረመኝ። አንደኛ፣ ያ «ገምቻለሁ» የሚለው መስመር ሎጉ ላይ የሚወጣው ሁለቱ ጽሑፎች ተነካክተው ቦታቸው ወይም መጠናቸው ሲለያይ ብቻ ነው። በትክክል አንድ ቦታ፣ አንድ መጠን ከሆኑ በዝምታ ያልፋቸዋል። እኔ የሐሙስ ዕለቱ ሎግ ላይ የቆጠርኳቸው ግጭቶች የተጮኸባቸው ብቻ ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ይቆይ የተባለው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ ነው። ፕሮግራመሮቹ ለራሳቸው ኮዱ መሀል ይጽፋሉ። ይህ ጥያቄ ከሁለት በር በአንዱ በኩል ወደፊት ይሄዳል ይላል፤ ወይ ግጭቱ ሲያበቃ ዳግም ይጀመራል፣ ወይ ግንኙነቱ ሲቋረጥ እንዳልተሳካ ተቆጥሮ ይለቀቃል። ከዚያ ነጥብ። ከዚያ ብቻዋን የቆመች አንዲት ቃል፦ ተስፋ እናደርጋለን።

ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን እንቅልፌ ሄደ። ይህ ኮድ በዓለም ዙሪያ ስንት ባንክ ውስጥ እንደሚሠራ የሚያውቀው አምላክ ነው። ሰዎቹ ግን አልዋሹም። ሁለት በር ሠርተው ሦስተኛ በር ሊኖር እንደሚችል ገብቷቸዋል፣ ያላሰቡት ቦታ ላይ ጽሑፉ ለዘላለም ቁጭ ብሎ የሚቀርበት። ኦቦ በር ላይ እንዳለው ሰውዬ።

ሁለተኛው በር፣ የ«አልተሳካም»፣ ከመጀመሪያው ይበልጥ አሳቢ ሆኖ ታየኝ። ግንኙነቱ በመሀል ሲሞት ይቆይ የተባለውን ሁሉ ፈልጎ ያወጣና «የጎረቤትህ አልተጻፈም» ብሎ ይዘጋዋል። እዚህ ዲስክ ላይ ያረፈው ይቆያል፣ ነጥብ ይደረግበታል፣ ዳታቤዙ ይለቀቃል፣ ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ትሰጣለች። ከዚያ መመሳከር የሌላ ቀን ሥራ ነው።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

በላፕቶፔ ላይ ሁለት ትንንሽ ቨርቹዋል ማሽን ሠርቼ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊጋባይት ዲስክ ሰጠሁ። ሁለቱንም ሆን ብዬ ፕራይመሪ አደረግኳቸው። ዋናውን ለሙከራ አልነካም፤ ያችን መስመር ከዘጋኋት በኋላ ፋይሉን ማንም እንዳይለውጠው አድርጌ ቆልፌዋለሁ፣ እኔንም ጨምሮ። ስክሪፕቱም አሁን ክልከላ እስኪሰማ አይጠብቅም፤ መጀመሪያ ጎረቤቱን «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ካጣም ሳይነካ ቆሞ በእኔ ስልክ ላይ ይደውላል። ማውንት ሲያደርግም ጆርናሉን እንዳይነካ ታዟል።

ከዚህኛው 8 ኪሎባይት ጻፍኩ፣ ከወዲያኛው ደግሞ 4 ኪሎባይት ወደፊት ተገፍቶ የሚጀምር ሌላ 8። ግማሹ ከግማሹ ይደራረባል። በመቶዎች ጊዜ በፍጥነት ደጋገምኩት። ሎጉ «ገምቻለሁ፣ ገምቻለሁ» እያለ ወረደ። ከዚያ በመሀል በመካከላቸው ያለውን ኔትወርክ ቆረጥኩት።

ፕሮሰሶቹ ላይ «ዲ» ወጣች። የስልኬን ሰዓት ይዤ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼን ይዤ ነበር ብል ግነት ይሆናል፤ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ፊደሏ ከሁለቱም ማሽን ጠፋች። የቀረ የለም። ሃያ ጊዜ ደገምኩት፤ ሃያውንም ተለቀቁ። ሦስተኛውን በር አላገኘሁትም። የለም ማለት አይደለም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ትናንት ማታ ልጆች በየደጁ ሲጨፍሩ አምሽተው ዛሬ ከተማው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩም ናፍጣ ጨርሶ ኖሮ ሁለት ጊዜ አጉረምርሞ ዝም አለ። ጥበቃው ጀሪካን ይዞ ማደያ ሮጠ። ሰርቨሩ በዩፒኤስ እያለ ራሴ ዘጋሁት፤ ቡርቃ ጃቶ ያለው ማሽን መብራት ስላለው ብቻውን ቀረ። ስልኬ ጮኸ፤ ስክሪፕቱ ነው፣ ጎረቤቱን አጥቶ «ምን ላድርግ?» ይላል። ምንም አታድርግ አልኩት።

መስኮት ሁለት ላይ ያችው ልጅ ናት። ፊት ለፊቷ የቡና ነጋዴዋ እናት፣ ሙልሙል የጠቀለሉበትን ፌስታል በአንድ እጃቸው ይዘው። ደብተራቸው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ሲስተም የለም ልበላቸው?» አለችኝ።

«በያቸው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ አሁን አይሆንም በያቸው።»

ነገረቻቸው። ደብተራቸውን አጠፉት፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት፤ «እንግዲያው ልጄ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው ወጡ። ከፌስታሉ አንድ ሙልሙል አውጥተው መስኮቱ ላይ ትተውልን ነበር። 4፡50 ላይ ተመልሰው ሲመጡ ሁለታችንም እየበላን ነበር።